መልስ፦ የምርምር ላብራቶሪ ሥራ ከየት ይጀመር?

የሕክምና ምርምር ላብራቶሪ እንድትመራ ተመድበህ «የዕለት ሥራውን ከየት ልጀምር?» ብለሃል። እኔ ከፍሪዘሩ ጀምር እልሃለሁ። ኬሚካል ቢያልቅ ይገዛል። የታካሚ ናሙና ግን አንዴ ከቀለጠ አለቀ፤ የሰጠውን ሰው አደራ ጭምር ነው የምታጣው። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሚሠራው ፍሪዘር ሙቀቱ ጠዋትና ማታ ይመዝገብ። ማንቂያው ሌሊት ሲጮህ ስልክ የሚያነሳ ተረኛ ይኑር። መጠባበቂያ ፍሪዘር ውስጥም ባዶ ቦታ ይተው፤ ይሄ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው።

እያንዳንዱ የናሙና ቱቦ የትኛው ሳጥን ውስጥ እንዳለ በአንድ መዝገብ ብቻ ይያዝ። ቱቦው ላይ የሚጻፈው ኮድ እንጂ የታካሚ ስም አይሁን። ኬሚካሎች ላይ የተከፈቱበት ቀን ይጻፍ፤ መጠቀሚያ ጊዜው ሊያልቅ የቀረበው ፊት ይቀመጥ። የባዮሴፍቲ ካቢኔቱን፣ ማለትም ጎጂ ተሕዋስያን ሠራተኛው ጋር እንዳይደርሱ አየሩን እያጣራ የሚከላከለውን የሥራ ሳጥን፣ ቢያንስ በዓመት አንዴ በባለሙያ አስፈትሽ። በጀት ሲጠብ እንኳ ይህን አታስተላልፍ።