ካርቡሬተሩን ከመወንጀልህ በፊት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እ.ኤ.አ. የ1971 ቮልስ አለችኝ፣ ሞተሯ 1600፣ ካርቡሬተሯ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ሶሌክስ 34 ፒክት 3 ነው። የነዳጅ ፓምፑ ስለደከመ መካኒክ በኤሌክትሪክ ፓምፕ ቀየረልኝ። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ሲሞቅ ሚኒሞ (ጋዝ ሳይረገጥ የሚሠራበትን ዝቅተኛ ፍጥነት) አልይዝ አለች። ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለች፣ ማርሚታዋም ጥቁር ጥላሸት ይተፋል። ያላዞርኩት ቪቴ የለም። ካርቡሬተሩን ልቀይረው?

መልስ፦ ቆይ፣ ገንዘብህን ያዝ። ችግሩ የጀመረው ፓምፑ ሲቀየር ነው ብለህ ራስህ ነግረኸኛል እኮ። የቮልስ የራሷ ፓምፕ የሚገፋው ከ3 እስከ 4 ፒኤስአይ (የግፊት መስፈሪያ) ቢሆን ነው። ለኢንጀክሽን መኪና የተሠራ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ግን 40 እና ከዚያም በላይ ይገፋል። ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለችው ተንሳፋፊ ቤንዚኑ ሲሞላ ከፍ ትልና በመርፌዋ መግቢያውን ትዘጋለች፤ ግፊቱ ከበረታ መርፌዋ ትሸነፋለች፣ ቤንዚኑም ሞልቶ ወደ ሞተሩ ይፈሳል። እንግዲህ በዚህ ላይ ቪቴ ስታዞር ብትውል ምን ይመጣል?

ለማረጋገጥ የአየር ፊልትሮውን አውልቅ፣ ሞተሩን አስነሳና በእጅ ባትሪ እያበራህ ወደ ካርቡሬተሩ ጉሮሮ ተመልከት። ፊትህን ግን አርቅ፣ ሞተሩ ካስነጠሰ እሳት ይተፋል። በሚኒሞ ላይ፣ መሃል ከተንጠለጠለችው አፍንጫ ቤንዚን መንጠብጠብ የለበትም። ከነጠበ ሞልቶ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። ከዚያ የግፊት መለኪያ ቱቦው ላይ አስገጥመህ ቁጥሩን እይ።

እኔን ከጠየቅከኝ ወደ መካኒካል ፓምፑ ተመለስ። አዲስ ስትገዛ ግን ፓምፑን የሚገፋውን ዘንግ ለካ፤ ባትሪውን በዲናሞ ለሚሞላ ሞተር የሚሆነው ፓምፕ ዘንጉ 108 ሚሊሜትር ነው፣ በኦልተርኔተር ለሚሞላው 100። ከተሳሳትክ ወይ አይገፋም ወይ የውስጥ ጎማውን ይበጥሰዋል። በኤሌክትሪኩ እቀጥላለሁ ካልክ ለካርቡሬተር የተሠራ ዝቅተኛ ግፊት ያለው ፈልግ፣ ሞተሩ ሲጠፋ ፓምፑንም የሚያጠፋ ሪሌ ይኑረው። አለበለዚያ አደጋ ቢደርስ፣ ቱቦው ተበጥሶም ቢሆን ቤንዚን ሲረጭ ይቆያል።

እግረ መንገድህን አንድ ነገር እይልኝ። ቤንዚን ወደ ካርቡሬተሩ የምታስገባዋን የነሐስ ቱቦ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ በእጅህ ያዝና አወዛውዛት። በግፊት ብቻ የተሰካች ናት፣ ስታረጅ ትላላለች። ከተነቃነቀች መኪናዋን አትንዳ። ስንት ቮልስ በዚች ነገር ተቃጥሏል መሰለህ! የፕላስቲክ የቤንዚን ፊልትሮም ሞተር ክፍል ውስጥ አታንጠልጥል፣ ወደ ታንኩ አካባቢ ውሰደው።

ይህ ሁሉ ሲስተካከል ወደ ቪቴዎቹ እንመጣለን። ቀድመህ ቫልቮላና ታይሚንግ (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ) አስተካክል፣ ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፣ ቾኩም (ሞተር ሲቀዘቅዝ አየር የሚቀንሰው መክደኛ) ሙሉ በሙሉ መከፈቱን እይ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በጋዝ ክንዱ ላይ ያለችውን ቪቴ እያዞረ ሚኒሞ ለማስተካከል ሲሞክር ነው፤ በዚህ ካርቡሬተር ላይ ሥራዋ እሱ አይደለም። ክንዱን እስክትነካ ድረስ ብቻ አስገባትና ሩብ ዙር ጨምረህ እርሳት። በጎን ካሉት ሁለት ቪቴዎች ትንሿ የቤንዚን ድብልቁን፣ ትልቋ ፍጥነቱን ታስተካክላለች። ትንሿን በቀስታ እስከ መጨረሻ ዝጋና ሁለት ዙር ተኩል ክፈት። አታጥብቃት፣ ጫፏ ይበላሻል። በትልቋ በደቂቃ ወደ 850 ዙር አምጣ። ከዚያ ሞተሩ ከፍ ያለ ፍጥነት እስኪይዝ ትንሿን በዝግታ አዙር፣ በጣም ትንሽ ወደ ውስጥ መለስ አድርጋት፣ ፍጥነቱንም በትልቋ ወደ 850 መልስ። በቃ።

ጥያቄ፦ ፊያት 124 እነዳለሁ። ቆሜ ቤንዚን ስረግጥ መኪናዋ ለአፍታ ትሞትና ከዚያ ትነሳለች። ሴት ናት ብለው ነው መሰለኝ፣ ሁሉም «ቀስ ብለሽ ርገጪ» ይሉኛል።

መልስ፦ እነሱ ቀስ ይበሉ፣ አረጋገጥሽ ምንም አላጠፋም። ሞተሩን አጥፊ፣ የአየር ፊልትሮውን አንሺና የጋዝ ክንዱን በእጅሽ ሳቢ። ልክ ስትስቢው ቀጭን፣ ቀጥ ያለ የቤንዚን ፍንጣቂ ወዲያው መታየት አለበት። ከዘገየ፣ ከተንጠባጠበ ወይም ከናካቴው ከሌለ የማፍጠኛ ፓምፑ ጎማ ደርቋል ወይም ቀዳዳዋ ተደፍናለች። ጥገና ኪት ግዢ፣ ካርቡሬተር አትግዢ። ፍንጣቂው ደህና ከሆነ ደግሞ በካርቡሬተሩና በማኒፎልዱ (ድብልቁን ወደ ሞተሩ በሚያስገባው ቱቦ) መካከል ያለውን ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ስሱን ማሸጊያ፣ ጠርጥሪ፤ ሞተሩ እየሠራ ትንሽ ውሃ ርጪበት፣ ድምፁ ከተለወጠ አየር የሚያስገባው እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ካርቡሬተሩ ላይ ትልቅ ጅግለር (ቤንዚን የሚለካ ቀዳዳ ያላት ቪቴ) ባስገባ ጉልበት ይጨምራል?

መልስ፦ ሌላው ሁሉ እንደነበረ ከሆነ አይጨምርም። ካንዴላህን ያጠቁራል፣ ቤንዚን ይበላል። ካንዴላውን ፈትተህ እይ፤ ቡናማ ከሆነ ባለህበት ቆይ።