ስለ ቃኘው ዘማቾች ጠይቁኝ

ሰላም የለገጣፎ ጎረቤቶቼ። ባለፈው እሁድ እድር ላይ አንዱ ልጅ የአያቱን ሜዳልያ ይዞ መጣና ወሬው ሁሉ ኮሪያ ሆነ፤ ከደቡብ ኮሪያ ጎን ሊዋጋ የዘመተው የኢትዮጵያ ሻለቃ፣ ቃኘው። ቡናው አለቀ፣ ጥያቄው ግን አላለቀም። እኔ የክቡር ዘበኛ ልጅ ነኝ፤ ይህን ወሬ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። የጠየቃችሁኝን እነሆ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የአያቴ ሜዳልያ ሪባኑ ሰማያዊና ነጭ ቀጫጭን መስመር ነው። ጽሑፉ አማርኛ ነው። የጀግንነት ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ ግን አይክፋህ። የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳልያ ነው። ለዘመተ ሁሉ ተሰጥቷል፤ ለተኳሹም፣ ለወጥ ቤቱም፣ ለሹፌሩም። በየዘማቹ አገር ቋንቋ ስለተቀረጸ ነው የኛው አማርኛ የሆነው።

የጀግንነቱ ሌላ ነው። አሜሪካኖች ሲልቨር ስታርና ብሮንዝ ስታር የሸለሟቸው ቃኘዎች አሉ። ሲልቨር ስታር በጠላት ፊት ለተፈጸመ ጀግንነት የሚሰጥ ነው፤ ዝም ብሎ አይታደልም። ወርቅማ ኮከብ ሆኖ መሃሉ ላይ ትንሽዬ የብር ኮከብ አለችው። እስኪ ሳጥኑን እስከ ታች ፈትሸው። ስም፣ ማዕረግና ቀን ያለበት ወረቀት ካገኘህ ከብረቱ በላይ ጠብቀው። ብረቱንም አደራ፣ በሎሚና በአመድ እንዳትፈትገው!

ጥያቄ፦ ሻለቃው በሙሉ ተሸልሟል ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ። በአሜሪካ ፕሬዚዳንት ስም ለጦር ክፍል የሚሰጠውን ሽልማት ቃኘው አግኝቷል።

ጥያቄ፦ አንድም አልተማረከም የሚሉት ጉራ አይደለም?

መልስ፦ ጉራ እንወዳለን፣ ይሄ ግን ጉራ አይደለም። ከ120 በላይ ሞተዋል፣ 536 ቆስለዋል፣ የተማረከ ግን የለም። ሐምሌ 1945 ዓ.ም. ተኩስ ቆሞ ምርኮኛ ሲለዋወጡ ኢትዮጵያ የምትቀበለው ሰው አልነበራትም።

ብዙው ሥራቸው የሌሊት ቅኝት ነበር። ጥቂት ሆነው በጨለማ ከምሽግ ይወጣሉ፣ ከጠላት ጋር ፊት ለፊት ይጋጠማሉ። ሲመለሱ ቁስለኛውንም ሬሳውንም ተሸክመው ነው። ስለ ተኳሹ ብዙ ይወራል። እኔን ግን የሚገርመኝ ተሸካሚው ነው፤ ጥይት እየዘነበ ሁለት እጁ ተይዟል፣ መተኮስ አይችል፣ መሮጥ አይችል። ፑሳን ባለው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብርም የቀረ የኛ ወታደር የለም። አስከሬናቸው አገሩ ገብቷል።

ጥያቄ፦ ማን መራቸው? ስሙስ ከየት መጣ?

መልስ፦ ቃኘው የራስ መኮንን ፈረስ ነው፤ ስሙን ያወጡት ጃንሆይ ናቸው። የመጀመሪያው ሻለቃ አዛዥ ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ ነበሩ። ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. በባቡር ጅቡቲ፣ ከዚያ በመርከብ ፑሳን ገቡ። የተመደቡት አሜሪካኖቹ 7ኛ ክፍለ ጦር ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ ሜዳልያውን ለምን ደብቆ ኖረ?

መልስ፦ ደርግ የሰሜን ኮሪያ ወዳጅ ነበር። በዚያ ዘመን "ለደቡብ ተዋጋሁ" ብሎ ደረት መንፋት ጣጣ አለው። ስንቱ ሜዳልያ ልብስ ሥር ከረመ መሰላችሁ።

ጥያቄ፦ ልጆቹን የት ልውሰዳቸው?

መልስ፦ አፍንጮ በር፣ የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ። በታክሲ መገናኛ፣ ከዚያ የስድስት ኪሎን ያዙ። የዘመቱ አያት በሕይወት ያሉለት ደግሞ ይዟቸው ይሂድ፤ ከኔ የተሻለ ያስረዷችኋል።