የኤስዩ ካርቡራቶር መርፌ ለድሬ ሙቀትና ለሐረር ከፍታ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ካርቡራቶር (ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠው ክፍል) መርፌ ጥያቄ ያለው ይጠይቀኝ ብዬ ነበር። ጠየቃችሁ፤ አቦ ደስ ብሎኛል! አብዛኞቻችሁ ኤምጂቢ (የእንግሊዝ ስፖርት መኪና) ያላችሁ ወይም ለሰው የምትጠግኑ ናችሁ። ስለዚህ ምሳሌዬ በእሷ ይሁን። እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 የተሠራች፣ 1798 ሲሲ ሞተር ያላት መኪና ናት። የማወራው ኤስዩ የሚባለው ዓይነት ሁለት ካርቡራቶር ስላላት ኤምጂቢ ነው።

ለመሆኑ መርፌው ምንድን ነው የሚሠራው? (ከገንደ ቆሬ)

ኤስዩ ውስጥ የራሱ ፒስተን አለ። ሞተሩ አየር በሳበ ቁጥር ይነሳል። መርፌው ከፒስተኑ ሥር ተሰክቶ ጂግለሩ (ቤንዚን የሚያልፍበት ቀዳዳ) ውስጥ ይገባል። ወደ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ፣ ፒስተኑ ከፍ ሲል በመርፌውና በጂግለሩ መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል፤ ቤንዚን ይጨምራል። ቀጭን መርፌ ብዙ ቤንዚን ያሳልፋል፣ ወፍራሙ ትንሽ።

የመርፌው ውፍረት የሚለካው በየ3.2 ሚሊሜትሩ ነው። ከላይ ያሉት ልኮች ሚኒሞን (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ዝቅተኛ ዙር) ይወስናሉ። መሃል ያሉት የሜዳ ጉዞን፣ ወደ ጫፉ ያሉት ደግሞ ሙሉ ጉልበትን። መርፌ መምረጥ ማለት ከእነዚህ ውስጥ የቱ ጋ ችግር እንዳለ ማወቅ ነው።

21 ቁጥር መርፌ አግኝቻለሁ። ከ6 ስለሚበልጥ ብዙ ቤንዚን ይሰጣል አይደል?

አይሰጥም፣ እንዲያውም ተቃራኒው ነው። ለቀደምት ኤምጂቢ የፋብሪካው መርፌ 5 ነው። ቤንዚን የሚጨምረው 6 ነው፣ የሚቀንሰው 21። ቁጥሩ መለያ ብቻ ነው፤ ፊደል የተጻፈባቸውም አሉ። ልኩን የሚነግርህ ማይክሮሜትር ወይም የመርፌ ሰንጠረዥ ነው።

ከድሬ ሐረር እመላለሳለሁ። መንገዱ ላይ ያለው ዳገት፣ ደንገጎ ላይ ትታፈናለች፣ ጥቁር ጭስ ታወጣለች። የትኛውን መርፌ ልግዛ?

በብዛት የተጠየቅኩት ይህን ነው፤ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው።

ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር 1,900 ገደማ። ደንገጎን ወጥተህ ሐረማያ ስትደርስ ከ2,000 አልፈሃል። ከፍ ባልክ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ካርቡራቶሩ ግን ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። ሲሰላ፣ በባሕር ጠለል ልኩን የያዘ ካርቡራቶር ድሬ ላይ 6 በመቶ ገደማ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ሐረር ላይ ወደ 10 ይጠጋል። የቀኑ ሙቀት ደግሞ ይጨምርበታል፣ ትኩስ አየር ቀላል ነውና።

ስለዚህ ደንገጎ ላይ መታፈኗ አይገርምም። ግን በደንገጎ ልክ መርፌ ከመረጥክላት ድሬ ስትወርድ ቤንዚን ያንሳታል። ሁለቱ ጥፋቶች ደግሞ እኩል አይደሉም። ቤንዚን የበዛበት ሞተር ያጨሳል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ይደክማል። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ግን በሙሉ ጉልበት ሲነዳ ቫልቭ ያቃጥላል፣ የሞተሩን ፒስተን ይበሳል። እኔ መርፌ የምመርጠው መኪናዋ ለምትደርስበት ዝቅተኛ ቦታና ለቀዝቃዛው ሰዓት ነው። ለአንተ ያ ማለት ድሬ ነው፣ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ፣ በማለዳ። እዚያ ልክ ከሆነች ሌላ ቦታ ትንሽ ቢበዛባት እንጂ አያንሳትም። ጅቡቲ ድረስ የምትወርድ ከሆነ ግን ዝቅተኛው ቦታ ባሕር ጠለል ነው። እንግዲያው 5ን አትንካው።

ከድሬና ከሐረር የማትወጣ ከሆነ እንዲህ አድርግ። በ5 ጀምር። ከጂግለሩ ሥር ያለውን ዳዶ ወደ ላይ አዙረህ ሚኒሞውን አስተካክል። ዳዶው ስድስት ገጽ አለው፤ አንድ አንድ ገጽ ብቻ እያዞርክ ሂድ። ሚኒሞው ልክ ሆኖ በሙሉ ጉልበት ካንዴላው (በሞተሩ ውስጥ እሳት የሚፈነጥቀው) አሁንም ከጠቆረ፣ ያን ጊዜ 21ን ሞክር። ካንዴላው ከነጣ መልሰህ አውጣው።

ካንዴላውን እንዴት ነው የማነበው? ሁሌም ጥቁር ነው የማየው።

ቤት ደርሰህ ስለምትፈታው ነው። በሚኒሞ የቆመ ሞተር ካንዴላ ስለ ሙሉ ጉልበት አይነግርህም። ማለዳ ወደ መልካ ጀብዱ በሚወስደው ሜዳ መንገድ ውጣ። መንገዱ ባዶ ሲሆን በሦስተኛ ማርሽ ሙሉ ነዳጅ ስጣት። ከዚያ ፍሪሲዮን ረግጠህ ወዲያው ሞተሩን አጥፋና ዳር ያዝ። ቁልፉን ሞተሩ እስኪጠፋ ብቻ አዙር፤ እስከ መጨረሻ ካዞርከው በአንዳንዶቹ መሪው ይቆለፋል።

ካንዴላውን ፍታና ማዕከሉን የከበበውን ነጭ ሸክላ ተመልከት። ደብዛዛ ቡናማ ከሆነ ልክ ነው። ጣት የሚያጠቁር ደረቅ ጥላሸት ካለው ቤንዚን በዝቷል። ከነጣ፣ በተለይ ጥቃቅን ፍንጣሪ ከታየበት፣ ያ መርፌ ይውጣ፤ በዚያ መርፌ ፈጥነህ አትንዳ። አራቱንም እይ፤ ሁለቱ ጥቁር፣ ሁለቱ ቡናማ ከሆኑ ችግሩ አንደኛው ካርቡራቶር ላይ ነው።

ለሚኒሞስ?

ሞተሩ ይሙቅ። የካርቡራቶሩን ፒስተን 0.8 ሚሊሜትር ያህል፣ ለዓይን እንኳ በማይሞላ ልክ፣ አንሳው። ዙሩ ጨምሮ እዚያው ከቀረ ቤንዚን በዝቷል። ሊጠፋ ካለ አንሷል። ለቅጽበት ከፍ ብሎ ከተመለሰ ልክ ነው።

አዲስ መርፌ ገዝቼ ምንም ለውጥ የለም። ለምን? (ከከዚራ)

ምናልባት ችግሩ መጀመሪያም መርፌው አልነበረም። ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ፑንቲናውን (እየተከፈተና እየተዘጋ እሳት የሚያስነሳውን)፣ የእሳቱን ሰዓት (ካንዴላው የሚፈነጥቅበትን ቅጽበት)፣ የቫልቭ ክፍተቱንና ፊልትሮውን እይ። ከሁሉ በላይ የነዳጅ መስጫውን ዘንግ በጣትህ ወዝውዘው። ከተንቀሳቀሰ በዳሩ አየር ያስገባል። በዚያ ሁኔታ የትኛውም መርፌ ሚኒሞ አይሰጥህም።

ከዚያ የካርቡራቶሩን ፒስተን አንስተህ ልቀቀው። ታች ሲደርስ ጥርት ያለ «ጠቅ» ድምፅ ማሰማት አለበት። ካላሰማ መርፌው ጂግለሩን እየነካ ነው፤ ወይ ጎብጧል፣ ወይ ጂግለሩ መሃል አልያዘም። መርፌውን መስታወት ላይ አንከባልለው፤ ከጎበጠ ጫፉ ሲዘል ታያለህ። ሲገጠም ደግሞ የመርፌው ትከሻ ከፒስተኑ ሥር ጋር እኩል ይሁን። ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ከወጣ ልኮቹ በሙሉ ይዛባሉ።

ነዳጅ በድንገት ስረግጥ ትደነግጣለች፣ ከዚያ ትሄዳለች።

ካርቡራቶሩ ላይ፣ ከፒስተኑ በላይ ያለውን ክዳን ፈትተህ ዘይቱን እይ። ብዙ ጊዜ ደርቆ ነው የሚገኘው። 20 ቁጥር ዘይት ጨምር። ስለዚህ ብለህ መርፌ አትቀይር።

መርፌውን በብርጭቆ ወረቀት ባሳሳውስ?

የሚያደርጉ አሉ፤ ይሠራልም። ግን የተፋቀ ብረት አይመለስም፣ ሁለቱን ካርቡራቶሮች እኩል መፋቅም ከባድ ነው። እኔ አልመክርም። ሲገዛ ሁሌም ጥንድ ይገዛ።

እኩለ ቀን ላይ ድሬ አቁሜያት ስመለስ አትነሳም። መርፌው ይሆን?

አይደለም፣ ሙቀቱ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ሙቀቱ ወደ ካርቡራቶሩ ይወጣና ቤንዚኑ ይፈላል። ኮፈኑን ከፍተህ ጥላ ሥር አቁማት። ካርቡራቶሩና ማኒፎልዱ መካከል ያለው ሙቀት ከልካይ በቦታው መኖሩን አረጋግጥ። ብዙ መኪና ላይ ተፈትቶ ሳይመለስ ቀርቷል።

እኔ ያለኝ ፔጆ 404 ነው፣ ሐረር። የእኔን መርፌ በስንት ልቀይር? (ከሸዋ በር)

እህቴ፣ የአንቺ ካርቡራቶር ሶሌክስ (ሌላ ዓይነት) ከሆነ እንዲህ ዓይነት መርፌ የለውም። ያለው መርፌ ተንሳፋፊው ላይ ቤንዚን የሚዘጋው ብቻ ነው። የሚቀየረው ዋናው ጂግለር ነው። ላዩ ላይ ያለው ቁጥር የቀዳዳው ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር መቶኛ፤ 130 ማለት 1.30 ሚሊሜትር። የአንቺን ቁጥር አንብቢ። የፋብሪካው ልክ 130 ነው ብንል፣ በስሌት ለሐረር 124 አካባቢ ይደርሳል፣ ለድሬ 126። ድሬ የምትወርጂ ከሆነ የድሬውን ያዢ። ቀዳዳውን ሽቦ ከትተው የሚጠርጉልሽን አስቁሚያቸው፤ ሽቦ ቀዳዳ ያሰፋል። በአየር ይነፋ፣ ይበቃዋል።