ከማይኩ በፊት ክፍሉ

ይድረስ በአንድ ጊታርና በአንድ ማይክ ቤት ውስጥ ለምትቀርጹ ልጆች፤

አዲስ ማይክ ልትገዙ ካሰባችሁ ገንዘቡን ለጊዜው አቆዩትና ክፍሉ ውስጥ ቆማችሁ አንዴ ጠንከር አድርጋችሁ አጨብጭቡ። ከጭብጨባው ኋላ እንደ ቆርቆሮ የሚንዘረዘር ድምፅ ከተከተለ፣ ፊት ለፊት በሚተያዩ ባዶ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ነው። ውድ ማይክ ይህን አያጠፋላችሁም፤ እንዲያውም አጥርቶ ይቀርጸዋል።

መድኃኒቱ ወፍራም ጨርቅ ነው። ፍራሽ አቁሙ፣ ልብስ የሞላበትን ቁም ሣጥን ክፈቱ፣ ብርድ ልብስ አጥፋችሁ ስቀሉ። የት እንደሚሰቀል ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ካርዲዮይድ የሚባለው የተለመደ ማይክ ከፊቱ ያለውን አጉልቶ ይሰማል፣ ከጀርባው የሚመጣውን ይቀንሳል። ከፊቱ ያላችሁት እናንተ ናችሁ፤ ስለዚህ ከእናንተ ጀርባ ካለው ግድግዳ የሚመለሰው ድምፅ በቀጥታ ይገባበታል። የመጀመሪያው ብርድ ልብስ ከዘፋኙ ጀርባ ይሰቀል፤ ከግድግዳው 10 ሴንቲሜትር ያህል ቢርቅ የበለጠ ይሠራል። የእንቁላል ካርቶን መለጠፍ ትርፉ ድካም ነው፤ ቀጭኑን ድምፅ ትንሽ ይነካካል እንጂ ወፍራሙን አያስቆምም።

ጉርምርምታው አብሮ እንዳይቀረጽ ፍሪጁን አጥፉት። መልሳችሁ ማብራት እንዳትረሱ የቤታችሁን ቁልፍ እዚያው ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጡት።

አሁን ወደ ጊታሩ። ማይኩን በቀዳዳው ላይ ማነጣጠር የተለመደ ስሕተት ነው። በጊታሩ ሆድ ውስጥ ያለው አየር 100 ሄርዝ አካባቢ በኃይል ስለሚያስተጋባ ቀረጻው በወፍራም ድምፅ ይዋጣል። አንገቱና ሆዱ የሚገናኙበትን፣ ከ12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ከተደረደሩት ብረቶች 12ኛው) ጀምሮ ያለውን አካባቢ፣ ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ርቃችሁ ያዙ። ድምፁ ከሳሳ ጥቂት ወደ ቀዳዳው፣ ከከበደ ጥቂት ወደ አንገቱ አዙሩት። የሚጫወትላችሁ ሰው ካለ አንድ ጆሯችሁን በጣት ደፍናችሁ በሌላው ጊታሩ ፊት ተዘዋወሩ፤ ጆሯችሁ የወደደው ቦታ የማይኩ ቦታ ነው። ማይኩን አምስት ሴንቲሜትር ማንቀሳቀስ ከግማሽ ሰዓት የኢኳላይዘር (ወፍራምና ቀጭን ድምፅን ማመጣጠኛ) ትግል ይሻላል።

አዲስ ክር የምትቀይሩ ከሆነ ከአንድ ቀን በፊት ቀይሩ፤ እስኪለመድ እየተሳበ ቅኝቱ ይወርዳል። ካፖ (አንገቱ ላይ ታስሮ ክሮቹን የሚጫን መቆንጠጫ) ካሰራችሁ በኋላም እንደገና ቃኙ፤ ክሩን ሲጫነው ቅኝቱን ከሚገባው በላይ ከፍ ያደርገዋልና።

ለድምፃችሁ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ይበቃል። ወደ ማይኩ በተጠጋችሁ ቁጥር ወፍራሙ ድምፅ ይጨምራል፤ ለሹክሹክታ ያምራል፣ በአንድ ዘፈን ውስጥ ወዲያና ወዲህ ስትሉ ግን የሁለት ሰው ድምፅ ያስመስላል። "ፐ" እና "በ" የሚረጩትን አየር ለመከላከል ፖፕ ፊልተር (ከማይኩ ፊት የሚቆም ስስ መረብ) አድርጉ፣ ወይም ማይኩን ከአፋችሁ አቅጣጫ ጥቂት ወደ ጎን አውጡት። "ሰ" የሚያፏጭ ከሆነም ይኸው ዘዴ ይረዳል።

የድምፁን መጠን የምታስተካክሉት በለሆሳስ ሳይሆን ከዘፈኑ ሁሉ በጣም የምትጮኹበትን ቦታ እየዘፈናችሁ ነው። እሱ በቀረጻ ፕሮግራሙ መለኪያ ላይ ከ-12 እስከ -6 ዴሲቤል መካከል ይድረስ፤ ዜሮ ጣሪያው ነው። በ24 ቢት (ፕሮግራሙ ላይ በሚመረጠው የቀረጻ ጥራት) እስከቀረጻችሁ ድረስ ዝቅ ማለቱ አይጎዳም፤ ዜሮን ነክቶ የተቆረጠውን ግን ማንም አስተካክሎ አይመልስላችሁም።

ጊታርና ድምፅ አንድ ላይ ወይስ ለየብቻ? እኔ የማደላው አንድ ላይ ለሚቀረጸው ነው፤ ዘፈኑ ይተነፍሳል። በአንድ ማይክ ከሆነ ከ40 እስከ 50 ሴንቲሜትር ርቆ በደረት ቁመት ይቁም፤ ድምፃችሁ ካነሰ ወደ ላይ ከፍ አድርጉት። በሁለት ማይክ ከሆነ በመካከላቸው ያለው ርቀት እያንዳንዱ ከሚቀርጸው ነገር ካለው ርቀት ሦስት እጥፍ ቢሆን ጥሩ ነው። ሁለቱን ስታደባልቁ ድምፁ ቀጥኖ ባዶ ከሆነ የአንዱን ፖላሪቲ (የድምፅ ሞገዱን ላይና ታች) ገልብጡና የሞላውን ምረጡ።

ለየብቻ ከሆነ ጊታሩን ከሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ) ጋር አስቀድሙ፤ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ሄድፎን ተጠቀሙ። ሜትሮኖሙ ከሄድፎን አምልጦ የሚሰማው የመጨረሻው ኮርድ እየደከመ ሲሄድ ነው፤ እዚያ ከመድረሳችሁ በፊት እንዲጠፋ አድርጉ። የራሳችሁ ድምፅ ዘግይቶ ከመጣ በፕሮግራሙ ውስጥ በፈርን (ድምፁን ከማሰማቱ በፊት የሚያጠራቅመውን መጠን) ወደ 128 ናሙና ዝቅ አድርጉት፤ በሰከንድ 44,100 ናሙና ሲቀረጽ ይህ 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ኢንተርፌሱ (ማይኩን ከኮምፒውተሩ የሚያገናኘው ሣጥን) ዳይሬክት ሞኒተር (ድምፃችሁን በኮምፒውተሩ ሳያልፍ የሚያሰማ) ካለው ደግሞ ጉዳዩ አለቀ።

ሚክሱ (የተቀረጹትን ማደባለቁ) ላይ ብዙ አልቆይም። ከድምፃችሁ ከ80 ሄርዝ በታች ያለውን ቁረጡ፤ ከ200 እስከ 300 ሄርዝ ከታመቀ 2 ወይም 3 ዴሲቤል ቀንሱ። ሪቨርቡን (ሰው ሠራሹን የክፍል ማስተጋባት) እስኪሰማችሁ ጨምሩና ከዚያ ጥቂት መልሱት። ለማስጮኽ ብላችሁ አትጨቁኑት፤ ዩቲዩብና ስፖቲፋይ ከ-14 ሉፍስ (የጩኸት መለኪያ) አካባቢ በላይ የጮኸውን ራሳቸው ይቀንሱታል።

የሌላ ሰው ዘፈን የምትጫወቱ ከሆነ የመጀመሪያውን ኪይ (ዜማው የሚቆምበትን የድምፅ ከፍታ) መያዝ ግዴታ አይደለም። ከፍተኛውን ኖታ ሳትወጠሩ የምትደርሱበትን ምረጡ፤ ካፖ በእያንዳንዱ ፍሬት ቅኝቱን ግማሽ ድምፅ (ሰሚቶን) ከፍ ያደርጋል። ስለ መብቱም ልብ በሉ፦ ቀረጻው አንድ መብት ነው፣ ግጥሙና ዜማው ሌላ። ራሳችሁ ስትጫወቱት የምትርቁት ከመጀመሪያው ብቻ ነው። "መብቱ የእኔ አይደለም" ብሎ ሥር መጻፍ ፈቃድ አይሆንም፤ ዩቲዩብ ዜማውን ለይቶ የማስታወቂያ ገቢውን ለባለመብቱ ሊያዞር ይችላል። ፈቃዱን ከመልቀቃችሁ በፊት ጠይቁ፤ ስም ስትጽፉም ዘፋኙን ብቻ ሳይሆን ግጥሙንና ዜማውን የደረሱትን ጻፉ።