ሽፍታ ነበር ወይስ አርበኛ? ታሪክ ለምታነቡ ልጆቼ

ውድ ልጆቼ፣

እዚህ ጅማ ሕግና ታሪክ ከሚያጠኑ ወጣቶች ጋር በተቀመጥኩ ቁጥር አንድ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። «እገሌ ሽፍታ ነበር ወይስ አርበኛ?» ከዚያ በኋላ ክርክሩ ይግላል፣ ቡናው ይቀዘቅዛል። እኔ ዕድሜዬን በዳኝነት ወንበር ላይ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና መልሴም ከዚያው ይመነጫል። ችሎት የሚፈርደው በድርጊት ላይ ነው። ሰውየው በሰፈሩ የተከበረ ይሁን የተጠላ፣ ዳኛው የሚጠይቀው የት፣ መቼ፣ በማን ላይ ምን አደረገ ብሎ ነው። የ19ኛውን ክፍለ ዘመን አመፆችም እንዲህ እንድታነቡ እለምናችኋለሁ።

ካሳ ኃይሉን ውሰዱ። ቋራ በረሃ የወረደ ሽፍታ ነበር። በዚያ ዘመን መሸፈት ለተገፋ የመኳንንት ልጅ አንድ የአቤቱታ መንገድ ነው፤ ጫካ የገባው ሰው ከበረታ ሹመት ይላክለታል፣ ልጅ ይዳርለታል። ካሳም በዘመኑ የጎንደርን ዙፋን በእጁ ያደረገውን የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን ያገባው እንዲሁ ነው። ቆይቶ ዳግም ሸፈተ። በ1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት ሰኔ አይሻል ላይ ራስ ዓሊን ድል አደረገ፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ሽፍትነቱ ያበቃው የትኛው ቀን ላይ ነው? ዘውድ የደፋበት ቀን ነው የሚለኝን ሰው አልቀበልም። ቋራ ሳለ ከዘረፈው ለገበሬው አካፍሎ የእርሻ መሣሪያ እንዲገዛበት አድርጓል ይባላል። እኔ መሪነቱ የጀመረው እዚያ፣ ገና ሽፍታ ሳለ ነው እላለሁ።

ስለ ንጉሡ ከሚተረከው ሁሉ ግን አንዱ ዘወትር ያሳስበኛል። ሁሉም ወደ አባቱ ሥራ ይመለስ፣ ገበሬው ይረስ፣ ነጋዴው ይነግድ ብለው ባወጁ ጊዜ በዘረፋ የታወቁ የአንድ ተራራ ሰዎች መሣሪያቸውን ታጥቀው መጡ። የአባቶቻችን ሥራ መንገድ መቁረጥ ነውና ይጽናልን አሉ። ንጉሡ መሬትና በሬ እሰጣችኋለሁ፣ እረሱ አሏቸው። እንቢ ብለው በአቋማቸው ሲጸኑ ፈረሰኛ አዘዙባቸውና አስፈጇቸው። ከሽፍትነት የመጡት ንጉሥ ዘራፊን አልታገሡም። መንገድ ሰላም እንዲሆን መፈለጋቸው ከልብ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ወታደሩ ገበሬውን መዝረፉን ትቶ በደመወዝ እንዲያድር ማሰባቸውም ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሐሳቡ አልሰመረም፣ ሠራዊቱም ከገበሬው ጎተራ መብላቱን አልተወም። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አስዘርፈው አቃጠሉ። ለቋራው ገበሬ ያካፈለውና ጎንደርን ያቃጠለው አንድ ሰው ነው። ሁለቱንም ድርጊት በየራሱ መዝኑ፤ አንዱ ሌላውን አያጥበውም።

ይህ የእኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። የግሪክ ተራሮች ላይ ክሌፍት የሚባሉ ሽፍቶች ነበሩ፤ ኦቶማኖች መንገድ እንዲጠብቁ አርማቶሊ የሚባል ታጣቂ ቀጠሩባቸው። ብዙ ጊዜ ዘራፊውም ጠባቂውም ያው ሰው ነበር፤ ደመወዙ ሲቀር ይሸፍታል፣ ሲሾም ይመለሳል። ቴዎዶሮስ ኮሎኮትሮኒስ ከእነዚህ መካከል ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1821 በኦቶማኖች ላይ የተነሳው አብዮት ታላቅ የጦር አዛዥ ሆነ። ነፃ የወጣችው አገሩ ግን በ1834 በክህደት የሞት ፍርድ ፈረደችበት፤ በኋላ በምሕረት ወጣ። በጣሊያንም ካርሚኔ ክሮኮ የሚባል ሽፍታ በ1860 ጣሊያንን አንድ ለማድረግ ከዘመተው ከጋሪባልዲ ጋር ተሰልፎ ተዋጋ። ለቀድሞ ጥፋቱ የጠበቀውን ምሕረት ሲያጣ በማግሥቱ ዓመት ጫካ ገብቶ ከደቡብ ጣሊያን ዙፋን ለተባረሩት የቡርቦን ነገሥታት መዋጋት ጀመረ። ገበሬው የተከተለው ለቡርቦኖች ፍቅር ስላደረበት ብቻ አይመስለኝም፤ ይከፋፈላል የተባለው የወል መሬት አልደረሰውም፣ በላዩ ላይ ግብርና የግዳጅ ውትድርና ተጨመረበት። መንግሥት በ1863 የፒካን ሕግ አውጥቶ ሽፍታውንም፣ ሽፍታውን ረዳህ የተባለውንም ለጦር ፍርድ ቤት ሰጠ። በዳኛ ዓይን ሳየው ያ ሕግ ያስቆጣኛል። ሌሊት በሩ በጠመንጃ ሰደፍ የተመታበት ገበሬ እንጀራ ሰጠ ማለት አመፀ ማለት አይደለም።

ሕግ ያለበት ወገን ሁልጊዜ ንጹሕ ነው ብላችሁም አታስቡ። ጅሬን ወጥታችሁ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ስትጎበኙ ከታች ሂርማታ ገበያ ይደርስ የነበረውን ሲራራ ነጋዴ አስቡ። ኬላው ላይ ቀረጥ ይከፍላል፣ ጫካ ውስጥ ደግሞ ሽፍታ ይጠብቀዋል። ኬላው ሥርዓት ነበረው፣ የጅማ ንግድም የደራው ነጋዴው ተማምኖ ስለገባ ነው። ይሁንና ከቡናው፣ ከዝባዱና ከዝሆን ጥርሱ ጋር በገመድ የታሰሩ ሰዎችም በዚያው ኬላ ለሽያጭ አልፈዋል፤ ቀረጥ ተከፍሎባቸው፣ በሕግ። ሲራራውን የዘረፈው ሽፍታም ብዙውን ጊዜ ነፃ አላወጣቸውም፤ ራሱ ወስዶ ሸጣቸው። ለታሰረችው ልጅ የሁለቱ ልዩነት ምን ነበር? ከየትኛውም ክርክር በፊት ይህን ጠይቁ።

በችሎት ዘመኔ የታጠቀ ቡድን በደል የደረሰባቸው ገበሬዎች ምስክርነት ሲሰጡ ብዙ ሰምቻለሁ። ዓቃቤ ሕጉ ስለ ቡድኑ ዓላማ ይጠይቃል፤ ምስክሩ ስለ በሬው ይናገራል። ቀዩን በሬዬን፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበትን፣ ነዱብኝ ይላል። በቆሎዬን ከጎተራ አውጥተው ፈረስ አበሉ ይላል። ሌላው ደግሞ ከፍለውኝ ሄዱ፣ ሴት አልነኩም ብሎ ይመሰክራል። ጠበቆች ከነገሩ ጋር አይገናኝም ብለው ሲያቋርጡ እኔ አስጨርሳቸው ነበር። ሰዎቹ ምን ዓይነት እንደነበሩ የሚናገረው መዝገቡ ላይ ያ ቃል ነው።

ስለዚህ ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ አረጋውያን ዘንድ ስትሄዱ የጦር መሪውን ስም ጠይቃችሁ አትመለሱ። ማን አበላው? በፈቃድ ነው በግድ? ካሸነፈ በኋላ ግብሩ ቀነሰ ወይስ ጨመረ? ደግሞ እናቶችን ጠይቁ፤ ዱቄቱን የፈጩት፣ ውኃውን የቀዱት፣ ለሽፍታውም ለመንግሥት ወታደሩም እንጀራ የጋገሩት እነሱ ናቸው። ቃላቸውን ሳታሳምሩ እንዳለ ጻፉት።