«ልጄ ለምን ደጋግሞ ይታመማል?» እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ማር በሽታ የመከላከል አቅም ይጨምራሉ ወይ? (ብዙዎቻችሁ ጠይቃችኋል)

ለጉሮሮ ደስ ይላሉ፣ ጠጡ። የተዳከመ አቅምን ግን አይጠግኑም።

የሥራ ባልደረባዬ «የመከላከል አቅምሽ ዝቅተኛ ነው» ተብላለች። ወደ እኔ ይተላለፍ ይሆን?

የመከላከል አቅም ማነስ አብሮ በመብላትና በመሥራት አይተላለፍም። ይልቅ አንቺ ጉንፋን ሲይዝሽ እሷን ራቂያት።

አንዲት እናት ከደብረ ብርሃን ጽፈውልኛል። የ3 ዓመት ልጃቸው ከ7 ወሩ ጀምሮ ጤና የለውም። ጆሮው ይመግላል፣ ሲብስበት ሳንባ ምች ይሆንና ይተኛል። በሄዱ ቁጥር ሽሮፕ ይታዘዝለታል፣ ይሻለዋል፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ ይመለስበታል። የአሞክሳሲሊኑን ጠርሙሶች አልጣሉም፤ 14 ደርሰዋል። ጎረቤት «ዓይን ነው» ይላል። ደብዳቤው መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ አንድ መስመር አለች፦ «ወንድሜም በሕፃንነቱ እንዲሁ ሲያስለው ኖሮ አረፈ።»

ያስደነገጠችኝ ያቺ መስመር ናት። ሕፃን በማህፀን ሳለ ከእናቱ አንቲቦዲ (ጀርሞችን የሚዋጋ የደም ፕሮቲን) ይወስዳል። ያ ስንቅ 6 ወር ገደማ ላይ ያልቅና የራሱን ማምረት ይጀምራል። ማምረት የማይችሉ ወንዶች ልጆች አሉ። ጉድለቱ የሚወረሰው በእናት በኩል ነው። እናቲቱ ጤነኛ ናት፤ የሚታመሙት ወንድ ልጇና ወንድሟ ናቸው። በሽታውን እ.ኤ.አ. በ1952 የገለጸው ኦግደን ብሩተን የተባለ አሜሪካዊ የጦር ሐኪም ነው። ታካሚው የ8 ዓመት ልጅ ነበር፤ በ4 ዓመት ውስጥ 19 ጊዜ ኢንፌክሽን ወደ ደሙ ገብቶበታል። ከሰው ደም የተዘጋጀ አንቲቦዲ በየወሩ ሲወጋ መታመሙ ቆመ። ሕክምናው ዛሬም በመሠረቱ ያው ነው።

ልጅዎ ይህ በሽታ አለበት አልልም። ነገር ግን በዓመት 2 ጊዜ ሳንባ ምች፣ ወይም 4 ጊዜ የጆሮ ምርቀዛ ከታየ «ለምን?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። 14 ጠርሙስ ሲታዘዝ አንድም ባለሙያ አለመጠየቁ ያንገበግበኛል። አሁን የሕፃናት ስፔሻሊስት ያለበት ሪፈራል ሆስፒታል ይሂዱ። ጠርሙሶቹን በፌስታል ይያዙ። የወንድምዎን ነገር መጀመሪያ ይናገሩ። ቶንሲሉ ይታይለት፤ በዚህ በሽታ ቶንሲል በጣም ያንሳል፣ ወይም ጭራሽ አይታይም። ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) እና የኢሚዩኖግሎቡሊን (የአንቲቦዲ መጠን) ምርመራ ይጠይቁ። ኤች አይ ቪም ይታይለት፣ ቅር አይበልዎ። «እንጥሉን አስቆርጪው» የሚልዎ ካለ እምቢ ይበሉ። ውጤቱን ጽፈው ላኩልኝ፣ እጠብቃለሁ።

ከጎንደር፦ የኤች አይ ቪ መድኃኒት 8 ዓመት ወስጃለሁ። ቫይረሱ አይታይም ተባልኩ። ጠበል ልገባ ነው፤ መድኃኒቱን ልተወው?

እንዳይተዉት። ቫይረሱ ያልታየው መድኃኒቱ አፍኖ ስለያዘው ነው። ካቆሙ ይነሳል፣ ሲዲ ፎር (በሽታ የሚከላከሉት የደም ሴሎች ቁጥር) ይወርዳል፤ ከዚያ ቲቢው፣ ማጅራት ገትር የሚያመጣው ፈንገስ ይከተላል። ጠበሉን ይጠመቁ፣ እንክብሉንም በጠበሉ ይዋጡት። አቡነ ጳውሎስም ፓትርያርክ ሳሉ ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል።

የ22 ዓመት ወጣት፦ «ቀጭን ነሽ» ሲሉኝ ለመወፈር ዴክሳ ጀመርኩ፣ 5 ወሬ ነው። ፊቴ ሞላ። አሁን አፌ ውስጥ ነጭ ነገር ወጣብኝ።

እህቴ፣ ፊትሽን የሞላው ጤና አይደለም። ዴክሳሜታሶን ስቴሮይድ ነው፤ የመከላከል አቅምን ያስተኛል። ነጩ ነገር ፈንገስ ይመስላል። ተደብቆ የኖረ ቲቢም በዚህ ጊዜ ይነሳል። በባዶ እግር የሚገባ ስትሮንጊሎይድስ የሚባል ትል አለ፤ አንጀት ውስጥ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ይኖርና በስቴሮይድ ጊዜ ተራብቶ መላ ሰውነትን ይወርራል። ይገድላል።

ግን በድንገት እንዳታቆሚው! ሰውነትሽ የራሱን ኮርቲሶል (ተፈጥሯዊውን ስቴሮይድ) ማምረት አቁሞ ሊሆን ይችላል፤ ባንዴ ሲቋረጥ ተዝለፍልፈሽ ልትወድቂ ትችያለሽ። መጠኑን ቀስ በቀስ የሚቀንስልሽ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነው። በዚህ ሳምንት ሂጂ። ትኩሳት ካለሽ ዛሬውኑ። የመድኃኒቱን ማሸጊያ ይዘሽ ሂጂ፣ አታፍሪ።

ኩላሊት ተቀይሮልኛል። ለፋሲካ ጥሬ ሥጋ ትንሽ ብቀምስስ?

አይሆንም፣ ጋሼ። ሰውነትዎ አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋው የሚወስዱት መድኃኒት የመከላከል አቅምዎን ያዳክማል። ክትፎውም በደንብ ይብሰል፣ ወተቱም ይፍላ።