በሳልቫዶር (ባሂያ) ኪስ ሳይጎዳ መጠጣት፦ የት፣ ምን፣ እንዴት

እህታችን፣ ጥያቄሽ ሦስት ነገር ይዟል። ብራዚል ባለችው የሳልቫዶር ከተማ ዋጋው የማይጎዳ መጠጥ ቤት የት ይገኛል፣ ምን ቢታዘዝ ያዋጣል፣ ባለቤትሽስ አልኮል ስለማይነካ ምን ይዞ ይቀመጣል። ማረፊያችሁ ባራ ሰፈር እንደሆነና አሥር ቀን እንደምትቆዩም ጽፈሻል። እንደ ቅደም ተከተሉ ሳይሆን ገንዘብ ከሚያስወጣው ልጀምር።

ከቤቶቹ ስም በፊት የመያዣዎቹን ስም እወቁ። እዚያ አንዱ ቢራ በአምስት ዓይነት መያዣ ይሸጣል፣ ሂሳቡ የሚያብጠውም የሚቀንሰውም በዚህ ነው። ፒሪጌቺ የሚሏት 269 ሚሊ ሊትር የምትይዝ ቀጭን ጣሳ ናት። ላታው 473 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ትልቁ ጣሳ ነው። ሎንግ ኔክ 330 ሚሊ ሊትር ገደማ የሆነች አንገተ ረጅም ጠርሙስ ናት። ከዚያ 600 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ ይመጣል፣ በመጨረሻም ሊትራው፣ ሙሉ ሊትር። ዋጋ ዝርዝሩ ላይ 600ው 15 ሬያል (የብራዚል ገንዘብ)፣ ሎንግ ኔኩ 12 ሬያል ተጽፎ ብታዩ ትንሿ የረከሰች ትመስላለች። ለ100 ሚሊ ሊትር ሲሰላ ግን 600ው 2.50፣ ሎንግ ኔኩ 3.64 ሬያል ይመጣል። ቁጥሮቹን ለማሳያ ያህል ነው የጻፍኳቸው፤ ስሌቱን ግን በደረሳችሁበት ዋጋ ሁሉ ሥሩት። ሊትራው በስሌት ብዙ ጊዜ ያሸንፋል፣ ለሦስትና ለአራት ሰው ካልሆነ ግን አልመክርም። በዚያ ሙቀት ግማሹ ሳይጠጣ ይሞቅና የቀረው ይደፋል፤ አንቺ ደግሞ የምትጠጪው ብቻሽን ነው። ለአንቺ ጠረጴዛ ላይ 600፣ እየተዘዋወርሽ ስትሆኚ ፒሪጌቺ ይበቃሻል።

600ው ሲመጣ የሚሆነውን ልብ በሉ። ጥሩ ቤት ውስጥ ማቀዝቀዣው ዜሮ ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ነው። ጠርሙሱ ወጥቶ እርጥብ አየር ሲነካው ከላይ እስከ ታች ነጭ በረዶ ይለብሳል፤ ይህን «ቬው ዲ ኖይቫ» ይሉታል፣ የሙሽራ ቬል እንደማለት። አስተናጋጁ በአንገቱ ይዞ፣ ሳያንገጫግጭ ያስቀምጠዋል። በዚያ ቅዝቃዜ ላይ ያለ ቢራ ከተንገጫገጨ ወይም በመዳፍ ከታቀፈ እዚያው ጠርሙሱ ውስጥ ይረጋና በረዶ ሆኖ ቁጭ ይላል። እናንተም በአንገቱ ያዙት። ከዚያ ጠርሙሱ ሙቀት እንዳይገባው የፕላስቲክ መያዣ ውስጥ ይገባል፣ ቢራውም «ኮፑ አሜሪካኑ» በሚባለው ሸንተረር ባለው 190 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ ይቀዳል። ብርጭቆው ትንሽ የሆነው በስስት አይደለም፤ ከመሞቁ በፊት እንዲያልቅ ነው። አንድ 600 ሦስት ብርጭቆ ከትንሽ ትርፍ ጋር ይወጣዋል። ትልቅ ብርጭቆ አትጠይቁ።

የምትፈልጉት ቤት ዓይነት «ቡቴኩ» ይባላል፣ በእኛ ግሮሰሪ ማለት ነው። ምልክቶቹ ቀላል ናቸው። የቢራ ፋብሪካ ስም የታተመባቸው የፕላስቲክ ወንበሮች አሉት፣ በሩ ላይ ዲግሪ የሚያሳይ ማቀዝቀዣ ይታያል፣ ዋጋው ግድግዳ ላይ ወይም በጠመኔ ተጽፏል፣ ከሥራ የወጡ የሰፈር ሰዎች ተቀምጠውበታል። በብዙዎቹ ባዶው ጠርሙስ አይነሳም፤ ጠረጴዛው ላይ ወይም ከሥሩ ሳጥን ውስጥ ይቆያል፣ ሂሳብ የሚቆጠረውም በእሱ ነው። አስተናጋጁ መንገድ ላይ ወጥቶ በእንግሊዝኛ የሚጠራችሁ ከሆነ ግን የመቀመጫውን ኪራይ ቢራው ላይ ነው የምትከፍሉት።

አሁን ወደ ሰፈሮቹ። ባራ ውስጥ ከባሕሩ ጋር ፊት ለፊት ያለው መንገድ ውድ ነው። አንድ ሁለት መንገድ ወደ ውስጥ ግቡ፣ የሰፈሩ ነዋሪ የሚጠጣው እዚያ ነው። ፖርቶ ዳ ባራ የተባለችው ትንሽ ባሕር ዳርቻ ወደ ምዕራብ ስለምትመለከት ፀሐይዋ ውኃው ላይ ነው የምትጠልቀው፣ ለዚያ ደግሞ ቤት መግባት አያስፈልግም። ነጭ የፎም ሳጥን የተሸከሙ ሻጮች ቢራና ውኃ እያዞሩ ይሸጣሉ። ወንበርና ጥላ ከመያዛችሁ በፊት «ኳንቱ ኤ?» ብላችሁ ዋጋውን ጠይቁ። አንዳንዱ ወንበሩን ያከራያል፣ አንዳንዱ ከእሱ መጠጥ ከገዛችሁ በነፃ ይሰጣል፤ ሲነሡ የሚነሣው ጭቅጭቅ ሁሉ የሚመጣው ይህ ሳይጠየቅ በመቅረቱ ነው።

ፔሎሪኞ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 በዩኔስኮ የተመዘገበው የድሮ ከተማ፣ ዋናው አደባባዩ ዙሪያ ውድ ነው። ግን ቴሬይሮ ዲ ዤዙስ አደባባይ ላይ «ኦ ክራቪኞ» የሚባል ቤት አለ፣ እሱን አትለፉት። በርሜል በርሜል የተደረደረ፣ ሥራሥርና ቅመም የተዘፈዘፈበት ካሻሳ በመለኪያ ይሸጣል። ካሻሳ ከትኩስ የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ የሚወጣ አረቄ ነው፣ በሕጉ ከ38 እስከ 48 በመቶ አልኮል አለው። ለቤቱ ስም የሰጠው ክራቪኞ ቅርንፉድ፣ ማርና ሎሚ የገባበት ነው፤ የቅርንፉዱ ሽታ ከቤታችን ሻይ የራቀ አይደለም። ጣፋጭነቱ ያታልላል፣ ሁለት መለኪያ ይበቃል። ማክሰኞ ከሄዳችሁ ደግሞ በባሮች ወንድማማች ማኅበር የተሠራችው የሮዛሪዮ ዶስ ፕሬቶስ ቤተ ክርስቲያን በምሽት ከበሮ የታጀበ ቅዳሴ አላት፣ ከዚያ በኋላ መንገዱ ሁሉ ሙዚቃ ይሆናል። ቆሞ መስማት ገንዘብ አያስከፍልም።

ለእኔ ምርጫ ሳንቶ አንቶኒዮ አሌም ዱ ካርሙ ነው። ከፔሎሪኞ ተነሥታችሁ የካርሙን ዳገት ወጥታችሁ በእግር ትደርሳላችሁ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ቤቶቹ ባለቀለም ናቸው፣ በስተግራ ያሉት ጀርባቸው ገደል ሆኖ ከሥሩ የቅዱሳን ሁሉ ወሽመጥ ተዘርግቷል። በጀርባ ሰገነት ያላቸው ቤቶች ዕይታውን ዋጋቸው ውስጥ ጨምረውታል። ስለዚህ አንዱን 600 በሰገነት ላይ ጠጥታችሁ ቀጣዩን መንገዱ ጫፍ ምሽጉ ባለበት አደባባይ ላይ ካሉት ትናንሽ መሸጫዎች ግዙ። ሳልቫዶር ውስጥ ፀሐይ እንደ ወሩ ከ17:15 እስከ 18:10 ባለው ጊዜ ትጠልቃለች፣ ምሽቱም ፈጥኖ ይመጣል። 16:45 ላይ ካልተቀመጣችሁ ጠርዝ ያለው ወንበር አይገኝም።

ስለ ሰዓት ካነሣሁ፣ የእጅ ሰዓታችሁ በእኛ አቆጣጠር የሚሄድ ከሆነ ምንም አትንኩት። ሳልቫዶር ከአዲስ አበባ በ6 ሰዓት ወደኋላ ነው፣ የእኛም ቆጠራ በ6 ይለያል፤ አዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሲሆን እዚያ ከሰዓት በኋላ 3 ነው። ቤተሰብ ለመደወል ጥሩ ነው።

ሪዮ ቬርሜልዮ (ሲጠሩት «ሂዩ» ነው የሚሉት) የማታ ሰፈር ነው። ላርጎ ዲ ሳንታና እና ላርጎ ዳ ማሪኪታ በሚባሉት አደባባዮች ላይ ነጭ የለበሱ ባያናዎች (የባሂያ ሴቶች) አካራዤ ይጠብሳሉ፤ የተላጠ አተር መሰል ባቄላ ከሽንኩርትና ጨው ጋር ተፈጭቶ በቀይ የዘንባባ ዘይት የሚጠበስ ነው። አካራዤውን ከእነሱ፣ ቢራውን ከጎን ካለው ቤት ገዝቶ አንድ ጠረጴዛ ላይ መብላት የተለመደ ነው። ለራት ሌላ ምግብ ቤት ከመግባት ይረክሳል፣ ሆድም ይይዛል። ጾም ላይ ከሆናችሁ ሊጡ የጾም ነው፣ ችግሩ መሐሉ የሚገባው ነው፤ ሽሪምፕ ከላይ ብቻ ሳይሆን ቫታፓ በሚባለው ገንፎ መሰል ማባያና ካሩሩ በሚባለው የባሚያ ማባያ ውስጥም አለ። ስለዚህ «ሴም ካማራው» (ያለ ሽሪምፕ) ብቻ ማለት አይበቃም፣ «ሴም ቫታፓ» እና «ሴም ካሩሩ» ጨምሩበት፤ በርበሬው ውስጥም ሽሪምፕ ሊኖር ስለሚችል ጠይቁ። «ኬንቺ?» (ትኩስ?) ብለው ሲጠይቁ ስለ ሙቀቱ አይደለም፣ በርበሬ ይግባ ወይ ማለታቸው ነው።

በጣም ርካሹን ለማየት የሚፈልግ ሳኦ ዦአኪም ገበያ ይሂድ፣ ግን በጠዋት፣ ውድ ነገር ሳይዝ። ከገደሉ ሥር ባለው ታችኛው ከተማ ነው። እዚያው ታች ያለው የኮሜርሲዮ ሰፈር ቢሮ ሲዘጋ ጭር ስለሚል፣ ከመሸ በኋላ ከላይኛው ወደ ታችኛው ከተማ በእግር አትውረዱ። በስልክ መኪና ጥሩ፣ ቤቱ ውስጥ ቆማችሁ።

ካይፒሪኛ እንዳይቀርባችሁ፣ ግን ቢራ ጠጥቶ መዝጊያ አድርጉት። አሠራሩ አንድ ሎሚ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ 50 ሚሊ ሊትር ገደማ ካሻሳና በረዶ ነው። የሚበላሸው በሁለት ምክንያት ነው፤ የሎሚው ነጭ እምብርት ሳይወጣ ብዙ ከተቀጠቀጠ ይመርራል፣ ያንን ለመሸፈን ደግሞ ስኳር ይጨመራል። «ፖኩ አሱካር» (ትንሽ ስኳር) በሉ። ባሂያ ውስጥ በቮድካና በፍራፍሬ የሚሠራውን ሆስካ ይሉታል፤ ኡምቡ ወይም ካዣ የተባለው ኮምጣጣ ፍሬ የገባበት ከሎሚው የተሻለ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2025 መስከረም ወር መጨረሻ ብራዚል ውስጥ፣ በተለይ ሳኦ ፓውሎ፣ ሜታኖል የተባለ መርዛማ አልኮል የተቀላቀለበት ሐሰተኛ ቮድካ፣ ጂንና ውስኪ ሰው ገድሏል። ርካሽ ፍለጋ የሚያስገባው አደጋ ይህ ነው። ቆርኪው ፊታችሁ የሚከፈት ቢራና በፊታችሁ የሚከፈት ጣሳ ይሻላል። መንገድ ላይ ከማይታወቅ ጠርሙስ የሚቀዳ ቮድካ ቢረክስም ይቅር። ከጠጡ ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን ድረስ ቆይቶ ዓይን ከጨለመ ወይም ከደበዘዘ፣ ሆድና ራስ ክፉኛ ካመመ፣ የስካር ማግስት ነው ብሎ መተኛት አይገባም፤ 192 ደውሉ ወይም ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ማርከሻ መድኃኒት አለው፣ ጊዜ ግን አይሰጥም። የመንግሥት ሆስፒታል ድንገተኛ ሕክምና ለውጭ ዜጋም በነፃ ነው። ብርጭቆአችሁንም ጥላችሁ አትነሡ፤ የሚያስተኛ ነገር ጨምሮ መዝረፍ እዚያ የራሱ ስም እስኪወጣለት ድረስ የታወቀ ነው።

ሂሳብ ሲመጣ («ኣ ኮንታ፣ ፖር ፋቮር») በዚህ ቅደም ተከተል እዩት። መጀመሪያ ጠርሙሶቹን ቁጠሩ። ቀጥሎ 10 በመቶ የአገልግሎት ተብሎ የተጨመረው ልማድ እንጂ ግዴታ አይደለም፤ አገልግሎቱ ጥሩ ከነበረ ይከፈላል፣ ካልነበረ እንዲያወጡት መጠየቅ ነውር የለውም። ሦስተኛው «ኩቬርት አርቲስቲኩ» ነው፣ በቀጥታ ለሚጫወት ሙዚቀኛ በነፍስ ወከፍ የሚከፈል። ሁለት ሰው ሆናችሁ አንድ ቢራ ከጠጣችሁ ኩቬርቱ ከቢራው ሊበልጥ ይችላል። አስቀድሞ መገለጽ ስላለበት ጊታር ያለበት ቤት ስትገቡ «ቴን ኩቬር?» ብላችሁ ጠይቁ። «ቢያንስ ይህን ያህል ካልጠጣችሁ» የሚል ግዴታ እ.ኤ.አ. በ1990ው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ የተከለከለ ነው። መግቢያ ላይ ኮማንዳ የሚባል የመመዝገቢያ ካርድ ከተሰጣችሁ በስልክ ፎቶ አንሡት፣ ቢጠፋ ለመከራከሪያ ይሆናል።

አብዛኛው ሰው የሚከፍለው ፒክስ በሚባለው የስልክ ክፍያ ነው፣ ለሱ ደግሞ በአብዛኛው የብራዚል ባንክ ሒሳብ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ካርድና ዝርዝር ሬያል ያዙ። የካርድ ማሽኑ ስክሪን የተሰበረ ወይም የተሸፈነ ከሆነ ካርዳችሁን አትስጡ፣ ቁጥሩ ላይ አንድ ዜሮ ሊጨመር ይችላል። ማሽኑ በዶላር ልቁረጥ ወይ ካለ በሬያል ምረጡ።

ከታኅሣሥ እስከ ካርኒቫል ዋጋው ከፍ ይላል፣ የካቲት 2 ቀን በእነሱ አቆጣጠር የዬማንዣ (የባሕር አምላክ የሚሏት) በዓል ሲሆን ሪዮ ቬርሜልዮ መላወሻ የለውም። ከቻላችሁ ቀኑን አሽሹ።

ለባለቤትሽ፣ ቡቴኩ ውስጥ ለስላሳ ይዞ መቀመጥ ማንንም አያስገርምም። ጉዋራና የሚባለው የአገሩ ለስላሳ አለ፤ መንገድ ላይ ካልዱ ዲ ካና፣ ፊቱ የሚጨመቅ የሸንኮራ ጭማቂ ሎሚ ተደርጎበት ይሸጣል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ቀዝቃዛ ኮኮናት ነው። ውኃውን ጠጥቶ ሲጨርስ ፍሬውን እንዳይጥለው። ለሻጩ ይመልስለትና «ኮርታ፣ ፖር ፋቮር» ይበለው፤ በአንድ ምት ለሁለት ይሰነጥቀዋል፣ ከልጣጩም ቀጭን ቁራጭ አንሥቶ ማንኪያ ያደርግለታል። በዚያች ማንኪያ ነጩን ለስላሳ ሥጋ እየጫረ ይበላል፤ ተጨማሪ አይከፈልበትም።